የዋረን ቡፌት የከረሜላ ኩባንያ ለእኛ ባለአክሲዮኖች ምን ያስተምራል?

አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ቡፌት እ.ኤ.አ. በ2025 ማብቂያ፣ ኩባንያዎችንና አክሲዮኖችን እየገዛ የሚይዘው የበርክሻየር ሀታዌይ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈፃሚነትን ለግሬግ አቤል ሲያስረክቡ 95 ዓመታቸው ነበር። ኩባንያውን ከያዙበት ከ1965 እስከ 2024 ድረስ የበርክሻየር አክሲዮን በየዓመቱ በአማካይ 19.9 በመቶ አድጓል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዘመን ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ፣ የትርፍ ድርሻው ተደምሮለት እንኳ፣ ያደገው በ10.4 በመቶ ነው። ልዩነቱ ለጊዜው ያን ያህል አይመስልም። ስድስት አሥርት ዓመታት ሲያልፉ ግን በርክሻየር ላይ የዋለ አንድ ዶላር ከ55 ሺሕ ዶላር በላይ ሲደርስ፣ ሌላው 390 ዶላር ገደማ ላይ ቀርቷል።

ይህን የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ሰውየው የትኛውን አክሲዮን እንደገዙ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን አንድ ኩባንያ ፊታቸው ሲቀርብ ምን እንደሚጠይቁ ማወቁ ይመስለኛል። ጉዳዩ ከእንግዲህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጥር 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም በገበያው ለመመዝገብ የመጀመሪያው ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ ከ47 ሺሕ በላይ ሰዎች ገዝተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን አክሲዮን የገዙ እንደሚሆኑ እገምታለሁ።

እስካሁን በአገራችን አክሲዮን የሚገዛው በአብዛኛው በሚያውቁት ሰው ጉትጎታ፣ በትውልድ አካባቢ ልጅነት ወይም በሃይማኖት ወንድማማችነት ነው። ትንሽ ጠንቀቅ የሚለው ሰው ደግሞ አንዲት ጥያቄ ያነሳል፤ “ዲቪደንዱ (የትርፍ ድርሻው) ስንት ፐርሰንት ነው?” ይህች ጥያቄ ብቻዋን ስትሆን ሰውን እንደምታሳስት አጥብቄ አምናለሁ። ከቡፌት ታሪክ ደግሞ ይህን ቁልጭ አድርገው የሚያሳዩ ሁለት ግዢዎች አሉ።

ቡፌት ሙያውን የተማሩት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከቤንጃሚን ግራሃም ነው። ግራሃም በ1929 የኒውዮርክ ገበያ ሲንኮታኮት የተጎዳ ሰው ስለነበር፣ ትምህርቱ ከጥንቃቄ የሚነሳ ነበር። አክሲዮን የአንድ ሕያው ድርጅት ቁራሽ ነው፤ ገበያው ዛሬ የሚጠራው ዋጋና ድርጅቱ በእርግጥ የሚያወጣው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስለዚህ መግዛት ያለብህ ድርጅቱ ከሚያወጣው እጅግ ባነሰ ዋጋ ስታገኘው ብቻ ነው፤ ግምትህ ቢሳሳት እንኳ ልዩነቱ ይሸፍንልሃል። ቫልዩ ኢንቨስቲንግ የሚባለው መንገድ መሠረቱ ይኸው ነው።

ወጣቱ ቡፌት በዚህ ሕግ ተመርተው በ1962 በርክሻየር ሀታዌይን መግዛት ጀመሩ። ያኔ በርክሻየር በኒው ኢንግላንድ የሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። የአክሲዮኑ ዋጋ ሰባት ዶላር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ኩባንያው በእጁ ያለው የሥራ ማስኬጃ ሀብት ለአንድ አክሲዮን ሲካፈል ከ10 ዶላር በላይ ይደርስ ነበር። በግራሃም ሚዛን ግልጽ ርካሽ ነው። በ1964 የፋብሪካው ኃላፊ አክሲዮናቸውን በ11 ዶላር ተኩል ሊገዛቸው በቃል ከተስማማ በኋላ፣ በጽሑፍ የመጣው ዋጋ በአንድ ስምንተኛ ዶላር አንሶ ተገኘ። ቡፌት ተናደዱና መሸጡን ትተው ኩባንያውን ጠቀለሉት፤ ሰውየውም ከሥራው ወጣ። ለንዴታቸው የከፈሉት ግን ብዙ ነበር። ጨርቃ ጨርቁ እየሞተ ያለ ኢንዱስትሪ ነው፤ አዲስ ማሽን ሲገዙ ተፎካካሪውም ይገዛል፤ የተገኘው ጥቅም በርካሽ ጨርቅ መልክ ለገዢው ያልፋል፤ ለባለቤቱ የሚተርፈው ዕዳና ድካም ነው። ፋብሪካው በ1985 ተዘጋ። በርካሽ የተገዛ ደካማ ድርጅት የሃያ ዓመት ሸክም ሆነ።

ሁለተኛው ግዢ ሲስ ካንዲስ የሚባለው የካሊፎርኒያ የቸኮሌትና የከረሜላ ኩባንያ ነው። በ1972 ባለቤቶቹ 30 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ ቡፌት ከ25 ሚሊዮን አላልፍም አሉ፤ በዚያው ተስማሙ። የኩባንያው ካፒታል 8 ሚሊዮን ዶላር ብቻ፣ ትርፉም ከግብር በፊት ከ5 ሚሊዮን በታች ነበር። በአስተማሪያቸው ስሌት ከሄድን ውድ ነው፤ ካለው ሀብት ሦስት እጥፍ ተከፍሎበታል። አብሯቸው የሠራው ቻርሊ መንገር ግን ለጥሩ ድርጅት ተገቢ ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው ብሎ ይሞግታቸው ነበር፤ እውነትም ሆነ። ለገና ወይም ለፍቅረኞች ቀን ለሚወደው ሰው የሲስን ሳጥን ይዞ የሚሄድ ካሊፎርኒያዊ፣ ዋጋው ትንሽ ጨመረ ብሎ ሌላ ርካሽ ከረሜላ አይገዛም። ኩባንያው በየዓመቱ ዋጋ መጨመር ይችላል፤ ለመጨመር ደግሞ አዲስ ፋብሪካ መትከል አያስፈልገውም። ቡፌት እስከ 2014 ድረስ የተገኘውን ሲደምሩ ከግብር በፊት 1.9 ቢሊዮን ዶላር ትርፍ ሆነ፤ ለዚህ ሁሉ ዕድገት ተጨማሪ የገባው ካፒታል 40 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረው ሌሎች ኩባንያዎችን ለመግዣ ዋለ።

ይህን ቁጥር ሳይ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የሚመጡት የእኛ ባንኮች ናቸው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገው ወዲህ፣ በብዙ ባንኮች ዲቪደንድ በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው እጅ ለአዲስ አክሲዮን መግዣ ሲመለስ ዓይተናል። ባለአክሲዮኑ 25 በመቶ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል፤ ኪሱ ግን አልገባም። ባንክ ካፒታል ማሳደጉን አልቃወምም፤ የአስቀማጮች ገንዘብ ደኅንነት የሚጠበቀው በእሱ ነው። የምቃወመው ባለአክሲዮኑ የሚቀጥለውን ጥያቄ አለመጠየቁን ነው፤ የጨመርነው ገንዘብ በተራው ስንት ትርፍ አመጣ? ካፒታሉ እጥፍ ሆኖ ትርፉ በግማሽ ብቻ ካደገ፣ የእያንዳንዱ አክሲዮን ትርፍ ወርዷል ማለት ነው፤ ጠቅላላ ትርፉ “በታሪክ ከፍተኛው” ተብሎ ቢነገር እንኳ።

በዚህ ላይ የዋጋ ንረት አለ። በ2022 የአገራችን ዓመታዊ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። አክሲዮኑን በተጻፈበት ዋጋ ገዝቶ በዚያው ዋጋ ይዞ የቆየ ሰው፣ 25 በመቶ ዲቪደንድ ተቀብሎም በዚያ ዓመት የመግዛት አቅሙ ቀንሷል። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ብር በዶላር ሲተመን በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወረደ። ቡፌት በ1970ዎቹ አሜሪካ በንረት ስትታመስ ከሲስ ያዩት ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ ደንበኛ ሳይሸሸው ዋጋ መጨመር የሚችል፣ ካፒታልም አብዝቶ የማይጠይቅ ድርጅት ባለቤቱን ከንረት ይጠብቃል። በእኛ ገበያ እንዲህ ያለው ድርጅት የትኛው ነው? ጥያቄው ከባድ ቢሆንም አክሲዮን ገዢ ሁሉ ሊጠይቀው ይገባል።

ከፋይናንስ ሰነድ ውጪ ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል ነገርም አለ። በ1963 አሜሪካን ኤክስፕረስ በአንድ የምግብ ዘይት ማጭበርበር ምክንያት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ይመጣበታል ተብሎ አክሲዮኑ ወደ ግማሽ ወረደ። ቡፌት ኦማሃ ውስጥ ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ሄደው ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ሆነው ተመለከቱ። ሰዎች አሁንም በኩባንያው ካርድ ይከፍላሉ። ወሬው ዋጋውን ቢጎዳውም የደንበኛውን እምነት እንዳልነካው ሲያረጋግጡ ከሚያስተዳድሩት ገንዘብ ትልቅ ድርሻ አዋሉበት። እኛም ስለ አንድ ባንክ ወይም ፋብሪካ ክፉም ሆነ በጎ ወሬ ስንሰማ፣ መርካቶ ወርደን ነጋዴውን መጠየቅ፣ ቅርንጫፉ ገብተን አገልግሎቱን ማየት እንችላለን።

ሊቀዳ የማይችለውንም መናገር ተገቢ ነው። ቡፌት በ1967 ናሽናል ኢንደምኒቲ የሚባለውን የመድን ድርጅት በ8.6 ሚሊዮን ዶላር ከገዙ ጀምሮ፣ ካሳ እስኪከፈል ድረስ በእጅ የሚቆየው የደንበኞች ዓረቦን ዋነኛ አቅማቸው ሆነ፤ በ2024 ማብቂያ 171 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ይህ ባንክ ሄዶ በከፍተኛ ወለድ ተበድሮ አክሲዮን ከመግዛት ፈጽሞ የተለየ ነው። በብድር አክሲዮን መግዛትን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው አስጠንቅቀዋል።

አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን፣ በተለይ ከደመወዛቸው ለጡረታ ለሚቆጥቡት፣ ምክራቸው ከዚህ ቀላል ነው፤ ኩባንያ ለመመርመር ጊዜ የሌለው ሰው ገበያውን በሙሉ በዝቅተኛ ክፍያ የሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ ይግዛ። ለዚህም ከ2008 እስከ 2017 ተወራርደው፣ ተራው ኢንዴክስ ፈንድ 125.8 በመቶ ሲያድግ ባለሙያዎች የመረጧቸው አምስቱም የፈንዶች ስብስቦች ከ88 በመቶ በታች ቀሩ። አገር ቤት ያለው ቆጣቢ ግን እንዲህ ያለ መጠለያ ገና የለውም። አማራጩ ጥቂት፣ የተመዘገበውም ኩባንያ ጥቂት በመሆኑ የእኛ ባለአክሲዮን ከአሜሪካዊው የበለጠ ማንበብ ግዴታው ነው።

የሚነበበው ነገር ታማኝ እንዲሆን ደግሞ ኃላፊነቱ የኩባንያዎቻችን ነው። ቡፌት ለባለአክሲዮኖች ዓመታዊ ደብዳቤያቸውን ሲጽፉ ያስቡ የነበረው አስተዋይ የሆኑ ነገር ግን የፋይናንስ ባለሙያ ያልሆኑ እህቶቻቸውን ነበር። በ1993 ዴክስተር የሚባለውን የጫማ ፋብሪካ በ433 ሚሊዮን ዶላር፣ ያውም በበርክሻየር አክሲዮን ከፍለው ገዝተው ድርጅቱ ዋጋ ቢስ ሲሆን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው በደብዳቤያቸው ጻፉት፤ በኋለኞቹ ዓመታትም ደጋግመው አነሱት። ባለአክሲዮን አጋር ነው ብሎ የሚያምን ሰው የሚያደርገው ይህን ነው። በእኛ ዓመታዊ ሪፖርቶች የቦርድ ሰብሳቢ መልእክት ውስጥ “ይህን ውሳኔ ተሳስተናል፤ ያሳጣንም ይህን ያህል ነው” የሚል ዓረፍተ ነገር ማንበብ እፈልጋለሁ። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም መግለጫዎች በወቅቱ እንዲወጡ ብቻ ሳይሆን ተራው ሰው በሚገባው አማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች እንዲጻፉ ቢያስገድድ ትልቅ ውለታ ይውልልናል።

የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ኦዲቱ ሲያልቅ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠቅላላ ጉባዔዎች ይጠራሉ። በዚያ አዳራሽ የዲቪደንዱ መጠን ሲነገር ከማጨብጨባችን በፊት እጃችንን አውጥተን ቦርዱን ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ከእኛ የወሰዳችሁት አዲስ ካፒታል ስንት ነው? በዚያ ምክንያት የጨመረው ትርፍ ለአንድ አክሲዮን ሲካፈል ስንት ብር ሆነ? ከዋጋ ንረቱስ በልጧል ወይስ አልበለጠም? መልሱም በቃለ ጉባዔ እንዲሰፍር እንጠይቅ።