ያቆመ ሰው ባለበት ቤት ጠላ ለምን ይጠመቃል?

መጠጥ ያቆመ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሁሉም የሚያወራው ስለሱ ወኔ ነው፣ "ልቡ ከቆረጠ ምንም አይነካውም" ይባላል፣ ጋኑ ግን ጓዳ ውስጥ እንደቆመ ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቲቪ ሲያስቀር፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ሲከለክል ደስ ብሎን ነበር፣ ጥሩ ህግ ነው፣ ግን ጓዳችን ድረስ አይገባም፣ እሱ የኛ ስራ ነው።

የበዓል ሰሞንን አስቡት። ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ጥንስሱ ይጣላል፣ ከዛ ድፍድፉ መፍላት ሲጀምር ሽታው ሳሎን መኝታ ቤት ሳይል ቤቱን ይሞላዋል። ያቆመ ሰው አእምሮ ሽታውንም ጣሳውንም ሰዓቱንም ከመጠጡ ጋር አያይዞ ስለያዘው አምሮቱ ወዲያው ይቀሰቀሳል፣ ሱስ እንደዚህ ነው የሚሰራው። እሱ ከራሱ ጋር ሲታገል አክስት ጉሹን በብርጭቆ ይዛ ትመጣና "እስቲ ቅመስልኝ፣ ደርሷል?" ትላለች፣ እምቢ ሲል ደግሞ "ኧረ ጉሽ እኮ ነው!" የታላቅ ወንድሜን ፊት በዛች ደቂቃ አይቼዋለሁ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ፈገግ ለማለት ሲሞክር።

አረቄው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስንት ቤት ነው ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ በሃይላንድ ተሞልቶ ቁምሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው፣ ለጉንፋን ነው፣ ለሆድ ቁርጠት ነው እየተባለ፣ ዳግም አረቄ እኮ አልኮሉ 40 ፐርሰንትና ከዛም በላይ ሊሆን ይችላል! በቃ ከቤት ይውጣ።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረን ሰው ዛሬ መጠጡን ደብቃችሁ በአንዴ እንዲያቆም አታድርጉት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ አንዳንዱ እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሊሞትም ይችላል። ቤተሰብ ይሄን ሲያይ መንፈስ ነው ይላል። ጸበሉም ይቀጥል፣ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይታይ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ይችላል።

"ዝክሩስ? ማህበሩስ?" ለምትሉ ብርዝ አለ እኮ፣ ማሩን በውሃ በጥብጦ ሳይፈላ በዛው ቀን ማቅረብ ነው፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በብርዝ ስንት ድግስ ደግሰዋል። ግን ካደረ መፍላት ስለሚጀምር የተረፈውን አታስቀምጡ። የግድ ጠላ ያስፈልጋል ካላችሁ ጎረቤት ቤት ይጠመቅ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት። እንግዳ መጥቶ "ጠላ የለም እንዴ?" ሲልም ያቆመው ልጅ ተሸማቆ እንዲያስረዳ አትጠብቁ፣ እናትየው ወይ አባትየው ቀድመው "እኛ ቤት ዘንድሮ አልጠመቅንም" ይበሉና ብርዙን ይቅዱ።