ሳይጠይቁ ሰባት ሳህን

አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ገብተን ሜኑ የምናነበው ለወጉ ነው። ሦስት ገጽ እናገላብጣለን። አንዱን እንመርጣለን። አስተናጋጁ «አልቋል» ይላል። ሌላ እንመርጣለን። «እሱም ዛሬ የለም።» በመጨረሻ ሜኑውን አጥፈን «እስቲ ያለውን ንገረን» እንላለን። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜኑ የሌለው ምግብ ቤት አለ ሲሉኝ ብዙም አልደነቀኝም። የደነቀኝ ዋጋው ነው። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ቦታው ከእንጦጦ ጀርባ ነው፤ ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ገባ ትላላችሁ። ስሙ ይቆየን። ግቢው ያምራል። ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አሠራሩ ቀላል ነው። ምንም አታዝዙም። ሼፉ ሰባት ዓይነት ምግብ ያዘጋጃል፤ ሰባቱም በየተራ፣ በትንንሽ ሳህን ይመጣሉ። ምን እንደሆነ የምታውቁት ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ነው።

ነገሩ ሌላው ዓለም ከጀመረው ቆይቷል። ጃፓኖች «ኦማካሴ» ይሉታል፤ «ለእርስዎ ትቻለሁ» እንደማለት ነው። ሱሺ የሚሠራው ሰው ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ፣ እሱ የመረጠላችሁን ትበላላችሁ። ስፔን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የተዘጋው ኤል ቡሊ ለአንድ እንግዳ በአንድ ማታ ከ30 በላይ ትንንሽ ምግብ ያቀርብ ነበር። ሐሳቡን እኔም እወደዋለሁ። ወጥ ቤቱ ስንት ሰው እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚበቃውን ያህል ይገዛል፤ የሚደፋው ይቀንሳል። «አልቋል» የሚባል ነገርም የለም።

ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሰው ቤት ተጋብዞ «ምን ምን አላችሁ?» ያለ ማን አለ? ምን እንደተሠራ የምታውቁት መሶቡ ሲከፈት ነው። ጉርሻማ ይብሳል፤ ምን እንደተጠቀለለበት ሳታዩ አፋችሁን ትከፍታላችሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የቤቱ እመቤት መሶቡን ከመክፈቷ በፊት ትጠይቃለች። «ጾም ነሽ እንዴ?»

እኛ የሄድነው አራት ሆነን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የባለቤቴ አክስትና የሥራ ባልደረባው። የባለቤቴ ልደት ረቡዕ ላይ ዋለ። (ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። ቀኑን ልብ ሳልል ነው የደወልኩት።) አክስቱ፣ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር፣ ረቡዕና ዓርብን አያፈርሱም። ባልደረባው ሙስሊም ነው። ስልኩን ያነሳችው ልጅ የጠየቀችኝ ሦስት ነገር ነው፦ ስም፣ የሰው ብዛት፣ ቀብዱን በምን እንደምልክ።

መጀመሪያ በቡና ሲኒ የቀይ ሥር ሾርባ መጣ። አክስታችን አማትበው ሲኒውን አነሱና «ምን አለበት ልጄ?» አሉ። «ትንሽ ክሬም ነው ማዘር።» ሲኒው ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለተኛው ድርቆሽ ላይ የተቀባ ዓይብ ነበር። እሱም አለፋቸው። ሦስተኛው ሽምብራ ነበር፤ እሰይ አልን። ግን አልበሰለም። እዚያ ከፍታ ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ነው። ጥራጥሬ ጊዜ ይፈልጋል። የሱሉልታ እናቶች ሁሉ የሚያውቁትን ሼፉ የረሳው ይመስለኛል።

አራተኛው ክትፎ ነው፤ የጥፍር ያህል፣ በተጠበሰ ቆጮ ላይ። ባልደረባችን ዝቅ ባለ ድምፅ «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አገራችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሠርግ ስንደግስ እንኳ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻው ይታረዳል፤ ድንኳኑም ድስቱም ለየብቻ ይሆናል። አስተናጋጁ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ቆየ። ተመለሰና «ከቄራ ነው» አለ። ሁሉም ሥጋ ከቄራ ነው እኮ!

ከዚያ በኋላ ለሁለቱ ካሮት መጣ። በሚቀጥለው ሳህንም ካሮት፣ አሁን በቁመቱ የተሰነጠቀ። «ገና ነው ማዘር፣ ዋናው ይመጣል» ሲላቸው አክስታችን ወደኔ ጠጋ ብለው «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አሉ።

እኔን ያናደደኝ ይሄኛው ነው። ይህ አገር የጾም ምግብ አገር ነው። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ጾም የተፈተነ ወጥ ቤት ይዘን ለጾመኛ ካሮት? አንድ የጾም በያይነቱ አስቡ። ምስሩ፣ አተር አልጫው፣ ጎመኑ፣ አዚፋው፣ የሱፍ ፍትፍቱ። ይኸው አምስት ዓይነት፤ ያውም ከየትኛው እንደምትጀምሩ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ስልጆን ውሰዱ። የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውሃ አብረው ይበስላሉ፣ ስናፍጭ ይገባባቸዋል፣ ለቀናት ይብላላል። ይኮመጥጣል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አሁን ሠርቶ የሚያበላ ቤት ስንት አለ? ሼፉ አንድ ማንኪያ ስልጆ በነጭ ሳህን ቢያቀርብ ቆሜ አጨበጭብለት ነበር።

ልጁ ችሎታ የለውም ማለቴ አይደለም። የመጨረሻው ሳህን ጭኮ ነበር። ገብሱ ተቆልቶ በደንብ የተፈጨ፣ ቅቤው በልኩ፣ ሞቅ ያለ፤ ከጎኑ የጦስኝ ሻይ። የአካባቢው ገበሬ ቤት የሚያውቀው ነገር ነው። እሱ ግን መጠኑን አሳንሶ፣ ከጦስኙ ጋር አገናኝቶ፣ አዲስ አድርጎታል። ሁለቴ ላስደግም አስቤ አፈርኩ። አክስታችን ግን ቅቤ ስላለበት አዩት እንጂ አልቀመሱትም።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ሼፍ እኮ አርቲስት ነው፤ ከጠየቀሽ ድንገተኛነቱ ምኑ ላይ ነው?» አለኝ። አልተዋጠልኝም። የማልበላውን ብነግረው የምበላውን አላወቅኩ። ውጭ አገር ያሉት ትልልቆቹ ቤቶችም ቦታ ስታስይዙ ይጠይቃሉ፤ ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ የባሕር ምግብ ይስማማሃል ወይ ይላሉ። እነሱ ዘንድ ጥያቄው የአለርጂ ነው። እኛ ዘንድ በዚያ ላይ የጾምና የእርድ አለ። የኛዎቹ ሳህኑን ሲቀዱ ጥያቄውን ረሱት። ስልክ ላይ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ዋጋው። በስልክ የተነገረኝ በሰው 4,500 ብር ነው። ሒሳቡ ሲመጣ 10 በመቶ ሰርቪስ ተጨምሯል፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። አንዱ ሰው 5,692 ብር ከ50 ሳንቲም፣ አራታችን 22,770። ካሮት የበሉትም እኩል ከፍለዋል። ግብሩ ሕጋዊ ነው፣ አልከራከርም። ግን ገና ስደውል ድምሩን ንገሩኝ። ድንገተኛው ምግቡ ብቻ ይሁን።

ስንወጣ አስተናጋጁ አስተያየት የሚጻፍበት ካርድ ሰጠን። ባለቤቴ «ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ልደቱ ስለሆነ ዝም አልኩት። መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። ድል በርን ሳናልፍ ከኋላ ወንበር የላስቲክ ድምፅ ሰማን። አክስታችን ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተዋል፤ ገብስና ሱፍ፣ ገና የዛሬ ቁሌት። «ስልክ ስታወሪ ጾሙን እንዳላነሳሽ ሰምቼ ነበር» አሉኝ። መጀመሪያ ለባልደረባችን እፍኝ ሙሉ ሰጡት። አዲሱ ገበያ ስንደርስ ላስቲኩ ባዶ ነበር።