እርማት፦ የጃቫስክሪፕት ማጣሪያ ሰርቨሩን አይጠብቅም

ወንድሜ፣ ለጀማሪዎች የሰጠኸው ማብራሪያ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ላርም። «ፎርሙን በጃቫስክሪፕት ካጣራነው ፒኤችፒው ላይ መድገም ትርፍ ድካም ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው።

ጃቫስክሪፕቱ የሚሠራው በተጠቃሚው ብሮውዘር ውስጥ ነው፤ ፒኤችፒው ግን በሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹን በሚያቀርበው ኮምፒውተር ላይ። ብሮውዘሩ ደግሞ የእሱ ነው፣ የፈለገውን ያደርግበታል። ያንተኑ የጫማ መሸጫ ገጽ እንውሰድ። ዋጋውን 2500 ብር ብለህ በተደበቀ የፎርም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠሃል። አንድ ሰው ኤፍ12ን (የገጹን ኮድ የሚከፍተውን ቁልፍ) ይጫናል፣ ሳጥኑን ያገኘዋል፣ 2500ውን ሰርዞ 5 ይጽፋል፣ «ግዛ» የሚለውን ይነካል። አለቀ። ኮድህ የመጣለትን ዋጋ ዝም ብሎ ከተቀበለ ጫማው በ5 ብር ሄደ ማለት ነው። ኤፍ12 ከሰለቸው ደግሞ ገጹን ጭራሽ ሳይከፍት በከርል (ያለ ብሮውዘር ወደ ሰርቨር መረጃ በሚልክ ፕሮግራም) በቀጥታ ይልክልሃል። ያኔ ከጃቫስክሪፕትህ አንድ መስመር እንኳ አይሠራም።

ስለዚህ ከፎርሙ የዕቃውን መለያ ቁጥርና ብዛቱን ብቻ ተቀበል። ዋጋውን ፒኤችፒው ራሱ ከዳታቤዝ ያውጣው። ብዛቱ ሙሉ ቁጥርና ከ0 በላይ መሆኑንም እዚያው አረጋግጥ፤ -3 ጫማ የሚያዝ አይጠፋም! የመጣልህን ነገር ከኤስኪውኤል ጽሑፉ (ለዳታቤዙ ከምትሰጠው ትዕዛዝ) ጋር አታያይዝ፣ ተጠቃሚው የጻፈው እንደ ትዕዛዝ ሊቆጠር ይችላል፤ በፒዲኦ (ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር በሚነጋገርበት መሣሪያ) ለይተህ አሳልፈው።

ጃቫስክሪፕቱን አጥፋው አላልኩም። ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ሲጎድለው ወዲያው መናገሩ ተጠቃሚውን ይገላግላል፣ በተለይ ኔትወርኩ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት።