ይድረስ ለክቡር የሰርቪስ ቤታችን ቧንቧ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከአንዲት ጠብታ ውሃ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ከዋናው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። በመካከላችን 18 ሜትር አለ። 18ቱንም አንድ በአንድ ከፍዬባቸዋለሁ። የቆፈሩት ልጆች ዓለት ባገኙ ቁጥር ዋጋ ይጨምራሉ፤ ጎንደር ደግሞ ጓሮ ቆፍሮ ዓለት ያላገኘ ሰው እስካሁን አላየሁም። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ሲገዛ ማጠፊያ ክርኑ ይረሳል። ክርኑ ሲመጣ ቫልቩ ይጎድላል። ያንን ፍለጋ አራዳ ደርሼ ስመለስ የቧንቧ ሠራተኛው ምሳ ወጥቷል።

ውሃ ለማስገባት የሚሞላውን የፎርም ነገር አላነሳብዎም። ይህን የሚያነብ ሁሉ ሞልቶታል።

የመጣሁበት ጉዳይ የቅዳሜው ነው። ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው አማቴ ከአዘዞ መጡ። በፌስታል ሁለት ነጠላና ጋቢያቸውን ይዘዋል። ጥፋቱ የኔ ነው። «ሰርቪሷን የልብስ ማጠቢያ አድርጌያታለሁ፣ ማሽን ገብቷል» ብዬ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አውርቻለሁ። ሠፈራችን ደግሞ ስሙ ሳሙና በር ነው። ሳሙና በር ተቀምጦ ልብስ ማጠብ ያቃተው ሰው ምን ይባላል?

ጎረቤት ለቡና ተጠርቷል። ጋቢውን ከተትኩ፣ ኦሞ ጨመርኩ፣ በሩ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። እርስዎን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሳሉ። ቀጥሎ አፏጩ። ከዚያ እንደ ሽሮ ድስት ቱክ ቱክ አሉና ጠላ የመሰለ ነገር ተፉ። አንድ ጣሳ ቢሆን ነው። ከዚያ ጸጥ።

«ሮቶ የለህም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። አለኝ እንጂ! 2 ሜትር የብረት መቆሚያ ላይ ተኮፍሷል። ወደሱ ቀየርኩ። ውሃው እንደ ዓይን ጠብታ እየተንጠባጠበ ወረደ፤ ማሽኑ ቀይ መብራቱን ያርገበግብብኝ ጀመር። ለካ ውሃ 1 ባር ግፊት የሚሰጠው ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ነው። ከ2 ሜትር የሚገኘው 0.2 ነው። የማሽኑ መጽሐፍ ቢያንስ 0.5 ይላል። መጽሐፉን ያነበብኩት ጋቢው ከተቆለፈበት በኋላ ነው። ሠራተኛውማ «ይደርሳል ጋሼ፣ ሐሳብ አይግባዎት» ብሎኝ ነበር።

አማቴ ምንም አልተናገሩም። እሳቸው ሲናደዱ ቡና ያመሰግናሉ። «ቡናዋ መልካም ናት» አሉ። በሁለተኛውም መልካም ነበረች። በረካ ላይ «እጅግ መልካም ናት» ሲሉ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ማታ እንደማንኛውም የከተማችን ሰው ቧንቧ ከፍቼ ባልዲ ደቅኜ ተኛሁ። የማሽኑን ቫልቭም አልዘጋሁም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እርስዎ መጡ። መብራትም በተአምር አልጠፋ። ማሽኑ ካቆመበት ቀጠለ፤ በዚያው በጠላው አጠበና ያጠበበትን ወደ ፍሳሹ ለቀቀው።

ፍሳሹ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው። በየሜትሩ 2 ሳንቲ ዝቅ እያለ መሄድ ነበረበት። ሠራተኛው ግን ውሃ ልክ አይዝም፤ «ዓይኔ ውሃ ልኬ ነው» ይላል። ዓይኑ ወደ ሽቅብ ያደላል። የፋሲል መዋኛ ይኸው ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተሞላ በየዓመቱ ሕዝብ ይጠመቅበታል። ውሃ ወደ ታች እንደሚወርድ በ17ኛው መቶ ዓመት ይታወቅ ነበር ማለት ነው። እኔ ግቢ ገና አልተደረሰበትም።

ውሃው ዞሮ ተመለሰ። አረፋው በተከራያችን በር ሥር ገባ። ተማሪ ነው፣ ጨዋ ልጅ። በሌሊት መስኮቴን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቤቱ እየገነፈለ ነው» አለኝ። ሃንድአውቶቹን አልጋው ሥር ነበር የሚያስቀምጣቸው። ማለዳ ገመዳችን ላይ የተሰጣው የልጁ ትምህርት ነው፤ አንድ በአንድ፣ በልብስ መቆንጠጫ።

ጎህ ሲቀድ አማቴ አልጋቸው ላይ የሉም። ስፈልጋቸው ቦኖ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል። ቦታቸውን እንዳይነጠቁ ጀሪካኑን በእግራቸው እየገፉ ነው የሚራመዱት።

ስማ፣ አንተ ቧንቧ። እኚህ ሴት ሰባ አልፏቸዋል። ልጅ ሆነው እንስራ አዝለዋል። ልጆቻቸውን በጀሪካን አሳድገዋል። ለኛ ቆጣሪ ሲገባ እልል ያሉት እሳቸው ነበሩ፤ አሁንም ወገባቸውን ይዘው ጀሪካን ይገፋሉ። የአንገረብን ግድብ ደለል አትንገረኝ፣ ከተማሪነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ፈረቃ ነው አትበለኝ። ፈረቃ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው። አንተ ያለህ ሙድ ነው። የምጠጣውን ከጋሪ ገዝቼ ያንተንም እከፍላለሁ። ስታፏጭ ቆጣሪው ይዞር ነበር፤ ቆሜ አየሁት እኮ! አየር ሸጥክልኝ። ባልዲ ውሃ ስጠኝ ስልህ ትንፋሽህን ሸጥክልኝ!

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ሞቅ ብሎኝ ነው።

ጋቢው እንደገና ታጠበ። አማቴ ሳፋውን ማሽኑ ላይ አስቀምጠው፣ ቆመው፣ በእጃቸው አሹት። «ለካ ደግ ዕቃ ነው የገዛኸው ልጄ» አሉኝ፤ «ቁመቱ ለወገብ ይስማማል።»

ሠራተኛው «እየመጣሁ ነው» ካለ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ከየት እየመጣ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እርስዎ ግን ዛሬ ሌሊት ከመጡ ባልዲው ሥርዎ ተደቅኗል። ልጁም ሃንድአውቱን ቁምሳጥን ላይ ሰቅሏል።

አክባሪዎ፣
ባለ 18 ሜትሩ ደንበኛዎ

እንደገና፦ ቆጣሪ አንባቢው ትናንት መጥቶ ነበር። በሰዓቱ።