ማስታወቂያ ሽታ የለውም እኮ!

የድሮ የምግብ ማስታወቂያ ለአረጋውያን ማሳየት ትዝታ ይቀሰቅሳል የምትሉ ሰዎች፣ እውነታችሁን ነው። እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን በመንከባከብ ነው የምተዳደረው። ከሰዓት በኋላ የጥንት ማስታወቂያዎች እንከፍትላቸዋለን። በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮካ ኮላ ማስታወቂያ፣ ያ ወጣቶች ኮረብታ ላይ ቆመው የሚዘምሩበት ሲመጣ፣ የልጃቸው ስም የጠፋባቸው ሴትዮ ግጥሙን አንድ ቃል ሳይስቱ ይሉታል። መጀመሪያ ቀን ደንግጬ ነበር።

ሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ገደማ ያየው ነገር ከሌላው ዕድሜው ይልቅ አብሮት ይቆያል። ዜማ ሲጨመርበትማ በቃ፣ አይለቅም።

ግን ሽታውን ረሳችሁት። ሽታ ወደ አንጎላችን የስሜትና የትውስታ ክፍል የሚደርሰው ከማየትና ከመስማት ይልቅ በአቋራጭ ነው። ቀረፋ የገባበት የፖም ኬክ ስንጋግር፣ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያሉ አዛውንት «እናቴ መጣች እንዴ?» አሉን። ልስቅ ይሁን ላልቅስ አላወቅኩም።

ደግሞ ማስታወቂያው የማን ልጅነት እንደሆነ ይታሰብበት። አንዲት የኛ አገር እናት አሉን። ካምቤል የሚባለውን የአሜሪካኖች የታሸገ ሾርባ ጣሳ ቢያዩ ምናቸው ነው? ለእሳቸው ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ ቡና ቆላሁ። (የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ መስኮት ከፍቼ፣ ፈጣሪን እየለመንኩ!) ጭሱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሳቡና «ልጄ፣ ጎረቤት ጠራሽ?» አሉኝ።