የብድሩን አዋጅ ሳታነቡ ስለ ወዳጅ አገር አታውሩ

ጎበዝ፣ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዞ «ቻይና ትሻላለች፣ አሜሪካ ትሻላለች» መባባሉ ይብቃን! የውጭ ግንኙነታችን ትልቁ ክፍል ያለው ብድር ውስጥ ነው። ከፓርላማው ብዙም ሳትርቁ ብርሃንና ሰላም የሚያትመውን ነጋሪት ጋዜጣ ማን ገልጦ ያያል? የብድር ማጽደቂያ አዋጅ እኮ አንድ ሁለት ገጽ ነው።

መጀመሪያ ወለዱን እዩ። ከዓለም ባንክ የሚመጣው አብዛኛው ብድር ወለድ የለውም፤ 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ይታሰብበታል። በ2007 ዓ.ም. የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (መንግሥት በውጭ ገበያ የሸጠው የዕዳ ሰነድ) ግን 6.625 በመቶ ነበር። ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን ሳንከፍል ስንቀር ሁሉም ደነገጠ፤ ቁጥሩ ግን ከመጀመሪያው የተጻፈ ነበር።

ቀጥሎ የእፎይታ ጊዜው፣ ማለትም ዋናውን ዕዳ መክፈል ሳንጀምር የሚሰጠን ጊዜ። ይህ ጊዜ መንገዱ ወይም ፋብሪካው ሲያልቅ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ውሉ ሲፈረም መቁጠር ይጀምራል። ወሰን ማስከበሩ (ለሥራው የሚያስፈልገውን መሬት ነፃ ማድረጉ) ሁለት ሦስት ዓመት ከተጓተተ ሥራው ገቢ ሳያስገባ ዋናው ዕዳ ይደርሳል። በዚያ ላይ «ኮሚትመንት ፊ» የሚባል አለ፤ አበዳሪው ካዝና ውስጥ ላለና ገና ላልነካነው ገንዘብ እንከፍላለን ማለት ነው። የጅቡቲው ባቡር ብድር በ2010 ማብቂያ ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ድርድር ያስፈለገው ለጨዋታ አይደለም።

ሙስናውስ? በፖስታ አይመጣም። አበዳሪው «ተቋራጩ ከእኔ አገር ይሁን» ሲል ክፍት ጨረታ ይቀራል፤ ዋጋው የሚወዳደረው አጥቶ ያብጣል፤ ከዚያ «ተጨማሪ ሥራ» እና «የዋጋ ማስተካከያ» ይከተላሉ። ማበጡን የሚያውቀው አጥኚው መሐንዲስ ያወጣውን የዋጋ ግምት ያየ ብቻ ነው። ስለዚህ ግምቱ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

እናንተም ብትሆኑ ወረዳ ላይ «ለሻይ» እያላችሁ የምትሰጡት ጉቦ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚቀጣው ተቀባዩን ብቻ አይደለም፣ ሰጪውንም ነው።

ያንን የዋጋ ግምት ለማግኘት ማመልከቻ ጻፉ። የመረጃ ነፃነት ሕጉ፣ አዋጅ 590/2000፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት 30 ቀን ይሰጠዋል። «የንግድ ሚስጥር ነው» ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበሉና ወደ እምባ ጠባቂ ሂዱ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቀሪው ላይ ቁጥርና ቀን አስመቱ፤ አለዚያ 30ው ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረጃ አይኖራችሁም።