የምርመራ ውጤት መርዶ አይደለም

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ አንዲት የሰፈራችን እናት ወደ እኔ መጡ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ብሎካችን ፊት ለፊት ነው። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የ21 ዓመት ልጃቸው አንገቱ ላይ ያበጠው ነገር ተመርምሮ ሊምፎማ፣ ማለትም የእጢ ካንሰር፣ ተብሏል። ሰኞ ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒቱን፣ ይጀምራል።

"እሱ ግን አያውቅም። ደም ማነስ ነው ብለነዋል። አንቺ በዚህ መንገድ አልፈሻልና፣ ምን ላብላው? ደግሞ እንዳትነግሪው፣ አደራ።"

ስለ ምግቡ የማውቀውን ነገርኳቸው። ጥሬ ሥጋ ይቅርበት፣ ሰላጣ በደንብ ሳይታጠብ አይብላ፣ ውሃ ይጠጣ። አደራው ላይ ስደርስ ግን ቃል አጣሁ። ያን ጠዋት መናገር ያቃተኝን ነው አሁን የምጽፈው።

እኔ ሲነገረኝ 24 ዓመቴ ነበር። "ሲነገረኝ" ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ አልተነገረኝም። አንገቴ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል እብጠት ወጣች። አታምም። ቤት ውስጥ "ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል" ተባለ። አልጠፋም። ሌሊት ሌሊት ላቡ አንሶላዬን ያረጥበው ጀመር፣ ቀሚሴም ሰፋኝ። አንድ ክሊኒክ የእጢ ቲቢ ነው ብሎ መድኃኒት አስጀመረኝ። አገራችን ውስጥ የእጢ ቲቢ ብዙ ስለሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ማሰቡ አይገርምም። ሁለት ወር ውጬ እብጠቱ ሲብስ እንደገና የሚያየው መጥፋቱ ነው የሚቆጨኝ። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ሄጄ እጢው በሙሉ ወጥቶ ተመረመረ። በመርፌ የሚቀዳ ናሙና ሊምፎማን ለመለየት ብዙ ጊዜ እንደማይበቃ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ነርሷ በሩን ከፍታ "አስታማሚ ማነው?" አለች። ታላቅ ወንድሜ ተነስቶ ገባ። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ቀረሁ። ሲወጣ ቡናማ ፖስታ ይዟል። "ትንሽ ኢንፌክሽን ነው" አለኝ።

ከመገናኛ ወደ አባዶ ስንሳፈር ለረዳቱ ሂሳብ ሊከፍል ኪሱን ሲፈትሽ ፖስታውን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ከፈትኩት። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ቃል ለየሁ፦ ሆጅኪን ሊምፎማ። ስልኬ ላይ ጽፌ ፈለግኩት። ወንድሜ አየኝ። ፖስታውን አልነጠቀኝም። እስከ ቤት ድረስ ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም።

አራተኛ ፎቅ ስንደርስ በራችን ላይ የጎረቤት ጫማ ተደርድሯል። ለእማዬ ተደውሎላት ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ሁሉም ያውቃሉ። ይዞኛል ስለተባለው በሽታ መጨረሻ የሰማሁት እኔው ነበርኩ።

መርዶ ስናረዳ ሥርዓት አለን። ዘመድ አስቀድሞ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ለባለቤቱ ጎህ ሲቀድ ይነገረዋል። ደግ ሥርዓት ነው። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህንኑ ሥርዓት ግን ሳናስበው ወደ ሐኪም ቤት ይዘነው ገብተናል። መርዶ የሚነገረው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የኔ ነገር ግን ገና መጀመሩ ነበር። ተረቱ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላል። እኛ ጋ በሽታው የሚደበቀው ከበሽተኛው ነው።

ስለዚህ በሽታ ስሙን ቄስ ይጥራው እየተባለ ስለሚታለፍ ልናገር። ሊምፎማ ብዙ ዓይነት አለው። ሆጅኪን የሚባለው፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሆጅኪን በ1832 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ በተለይ በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ያሉትን የሚይዝ ነው። ከካንሰሮች ሁሉ በደንብ ከሚድኑትም አንዱ ነው። ሙሉ ሕክምና በሚገኝባቸው አገሮች ከ10 ታማሚ ከ8 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ሹክሹክታው ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። ሰው ድምፁን ዝቅ ባደረገልኝ ቁጥር የምሞት ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ ሕክምናው በሽታውን የሚያውቅ ታካሚ ይፈልጋል። እኔ የወሰድኩት አራት መድኃኒት አንድ ላይ፣ በየ15 ቀኑ፣ 12 ጊዜ፣ ስድስት ወር ሙሉ ነው። አንዱ ቀይ ነው፤ ሽንትም ያቀላል። በሁለተኛው ወር እብጠቱ ጠፋ፣ ላቡ ቆመ፣ እንጀራ መብላት ጀመርኩ። "ደም ማነስ" የተባለ ሰው እዚህ ላይ ተሻለኝ ብሎ ያቆማል። እማዬ እንጦጦ ማርያም ወስዳኝ ጸበል ተጠምቄያለሁ፤ ቀጠሮዬን ግን አንድም ቀን አላለፍኩም። ስንት እንደቀረኝ የምቆጥረው ራሴ ነበርኩ።

ከአራተኛው ዙር በኋላ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ቴርሞሜትሩ 38.6 አሳየ። ኬሞ ላይ ላለ ሰው፣ ነጭ የደም ሴል ሲያንስ፣ ትኩሳት ማለት እስኪነጋ የማይጠበቅ ነገር ነው። ከአባዶ በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። ወንድሜ የጎረቤት በር አንኳክቶ በሰው መኪና ወሰዱኝ። ደም ማነስ ነው ተብዬ ቢሆን ኖሮ ፓራሲታሞል ውጬ፣ ተሸፋፍኜ እተኛ ነበር።

ሌላም አለ። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒት የመውለድ አቅምን ሊጎዳ ይችላል፤ ጥያቄው መነሳት ያለበት ደግሞ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ነው። አንድ ወጣት በሽታውን ሳያውቅ ይህን እንዴት ይጠይቃል?

ሥራም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሕመም እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ልክ የሕክምናዬን ግማሽ ያህል ያለ ደመወዝ ነው ያሳለፍኩት። ይህ ሊሻሻል ይገባል ባይ ነኝ። ያለውን መብት ለመጠቀምም ቢሆን የሐኪም ወረቀት አቅርቦ መናገር ያስፈልጋል። "ጨጓራ ነው" ብሎ እየቀረ ከሥራ የሚወጣ ሰው አውቃለሁ።

ወንድሜን አልወቅሰውም። ያኔ 28 ዓመቱ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጥተው "እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ" አሉት። አያውቅም ነበር። ሐኪሞች "አስታማሚ ማነው?" ከማለታቸው በፊት ታካሚውን ጠርተው "ማን አብሮሽ ይግባ?" ቢሉ ያ ሸክም እሱ ላይ ባልወደቀ ነበር። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መሣሪያ አይጠይቅም።

እሑድ ማታ ቴርሞሜትሬን ይዤ ወደዚያ ብሎክ ሄድኩ። ለእናቱ ይህን ሁሉ ደረጃው ላይ ቆመን ነገርኳቸው። አለቀሱ። "እኔ አልችልም፣ አንቺ ንገሪው" አሉ። "አብረን እንገባለን፤ የሚነግሩት ግን እርስዎ ነዎት" አልኳቸው። ገባን። ልጁ ኳስ እያየ ነበር። ነገሩት። ቴሌቪዥኑን አጠፋና ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ፀጉሬ መቼ ነው የሚረግፈው?"

"ሁለት ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው" አልኩት።

ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝ እሱ ራሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ስሙ ሲጠራ ቀድሞ ገባ። እናቱ ተከተሉት።